ከቀይ አፈር ብርሃን የሚያነቃው ዱቄት

ቡራዩ ላይ መንገድ ሲቆፈር የሚወጣው ቀይ አፈር ዝናብ ከመታው ከጫማ አልላቀቅ ይላል። ቅላቱ የብረት ኦክሳይድ ነው። ከብረት ኦክሳይዶች አንዱ የሆነው ሄማታይት ደግሞ ሴሚኮንዳክተር (ከፊል አስተላላፊ) ነው፤ ባንድ ጋፑ፣ ማለትም ለመንቃት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት፣ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ በዓይን በሚታይ ብርሃን ይነቃል፤ ሲነቃም ውሃ ውስጥ ያለ ቀለምን ይሰባብራል። በዚሁ ሥራ ስመ ጥሩው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ባንድ ጋፑ 3.2 ገደማ ስለሆነ አልትራቫዮሌት ካላገኘ አይነቃም።

መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ብረቱን ከአፈሩ የሚለየውን አሲድ ፈርቼ አፈሩን እንዲሁ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ዘበኛችን በበሩ አጮልቀው «አንተ ልጅ፣ አፈር እንደ ቡና ትቆላለህ?» አሉኝ። ዱቄቱን ሚቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ስጨምረው ሰማያዊው በ10 ደቂቃ ጠፋ፤ ባልደረቦቼን ሁሉ ጠራሁ። ኋላ ዝቃጩን በአልኮል ሳጥበው ሰማያዊው ተመልሶ ወጣ። ለካ ሸክላው ቀለሙን መጥጦት ኖሯል፤ ብርሃን ምንም አልሠራም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አፈሩን አድርቁ፣ ውቀጡ፣ ንፉና 20 ግራም መዝኑ። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። አፈሩን ጨምራችሁ በ80 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆዩት። ጓንት፣ መነጽርና የጭስ መሳቢያ የሌለው ሰው ከዚህ አይለፍ፤ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ አይደለም።

ሲጣራ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል። ትዕግሥት የሚፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ በጠብታ እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 3.5 ሲደርስ አቁሙ። ብረቱ ቀድሞ እንደ ሙቅ የወፈረ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ቸኩላችሁ 7 ካደረሳችሁት ከአፈሩ የሟሟው አሉሚኒየምም አብሮ ይወርዳል። ዝቃጩን በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በ500 ዲግሪ 2 ሰዓት አቃጥሉ። የበርበሬ ቀለም ይዞ ይወጣል። ሙቀቱን አታብዙ፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይተልቃሉ። በሄማታይት ውስጥ ብርሃን የሚቀሰቅሰው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ጥቂት ናኖሜትር ሳይጓዝ ስለሚከስም ቅንጣቱ ሲደቅ ይሻላል።

ለሙከራው ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ስስ የሚቲሊን ብሉ ብጥብጥ። ሁለቱ ላይ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምሩ፤ አንዱን በፎይል ጠቅልሉ። ሦስተኛው ዱቄት አይግባበት፤ ቀለሙ በፀሐይ ብቻም ይደበዝዛልና። ዱቄቱ የሚመጠውን ቀለም አስቀድሞ እንዲመጥ ሁሉንም 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዩ፣ ለሁሉም ሥራውን የሚያግዘውንና ከፋርማሲ የሚገዛውን 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደጅ አውጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ቀድታችሁ ዱቄቱ ሲዘቅጥ ፈሳሹ 664 ናኖሜትር ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በስፔክትሮፎቶሜትር ለኩ። መለኪያ ከሌላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ አስተያዩ። ፎይል ውስጥ ያለውም እኩል ከነጣ ሥራው የብርሃን አይደለም፤ ወደ አሲዱ ደረጃ ተመልሳችሁ እንደገና ሥሩ።