ዳንሰኛዋን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን ገልብጡት

የመጀመሪያዋን የጃፓን የእንጨት ህትመት (እንጨት ላይ ተጠርቦ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል) የገዛሁት ፊት ለፊቷን ብቻ አይቼ ነው። ቀይ ኪሞኖ የለበሰች ዳንሰኛ፣ ከበላይዋ ትልቅ ደወል። ሻጩ «በእጅ የታተመች ናት» አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ገብቼ አጉሊ መነጽር ሳስጠጋባት ጉንጯ በሙሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ቁጭ አለ። የማሽን ሥራ! ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

በእንጨት የታተመ ቀለም በመነጽር ሲታይ ነጠብጣብ የለውም፤ ወጥ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ ነው። ይህን ካረጋገጣችሁ ወረቀቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ገልብጡት። የጃፓን አታሚ በመጭመቂያ መሣሪያ አይጠቀምም ነበር። ቀለም የተቀባው የቼሪ እንጨት ላይ እርጥበት ያለው ወረቀት ያነጥፍና ጀርባውን ባረን በሚባል፣ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ ነገር ያሸዋል። ስለዚህ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይታያል። መብራቱን ከጎን ስታደርጉበት ደግሞ የባረኑ ፈለግ ክብ ክብ እየሠራ ብቅ ይላል። ጀርባው ምንም ምልክት የሌለው ነጭ ከሆነ ተጠራጠሩ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ዳንሰኛና ደወል አንድ ላይ ካያችሁ ታሪኩ የዶጆጂ ሳይሆን አይቀርም። ኪዮሂሜ የምትባል ሴት አንቺን የሚባል መነኩሴ ወደደች (ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ግር ይላል፣ ምን ላድርግ)። ሸሽቷት ዶጆጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ደወል ሥር ተደበቀ። እሷ በንዴት እባብ ሆነች፣ ደወሉ ላይ ተጠምጥማም ከነመነኩሴው አነደደችው። ኖህ በሚባለው ጥንታዊ የጃፓን የጭምብል ቲያትር የምናያት ዳንሰኛ ዓመታት አልፈው አዲስ ደወል ሲሰቀል የመጣችው የኪዮሂሜ መንፈስ ናት። ሴት እንዳትገባ ተከልክሎ ሳለ «ልጨፍርላችሁ» ብላ የቤተ መቅደሱን አሽከር አግባብታ ትገባለች። ልብሷ ላይ ተደርድረው የተሠሩ ሦስት ማዕዘኖችን ፈልጉ፤ የእባብ ቅርፊት ናቸው። ፊቷ የዋህ ቢመስልም ልብሷ ያሳብቅባታል።

ጥግ ላይ «ኪዋሜ» የሚል ትንሽ ክብ ማኅተም ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1791 እስከ 1842 ይሠራበት የነበረ የሳንሱር ፈቃድ ነው። ግን በእሱ ብቻ የህትመቱን ዕድሜ አትወስኑ። ማኅተሙ የተጠረበው እንጨቱ ላይ ስለሆነ ሌላ ሰው ዘግይቶ ሥዕሉን አስመስሎ እንደገና ሲጠርበው ማኅተሙንም አብሮ ይጠርበዋል።

የጀርባው ምርመራ ግራ የሚያጋባው ጃፓናዊው የህትመት ሠዓሊ ሺኮ ሙናካታ ላይ ነው። የቡድሃን አሥር ታላላቅ ደቀ መዛሙርት እ.ኤ.አ. በ1939 የጠረበው፣ በ1956 የቬኒስ ቢየናሌን (በጣሊያን የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት) የህትመት ሽልማት የወሰደው ሰው ነው። ብዙ ሥራዎቹን በጥቁር ካተመ በኋላ ቀለሙን በብሩሽ ከጀርባ ይቀባና ወደ ፊት እንዲሰርግ ይተወዋል። የእሱን ገልብጣችሁ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ደምቆ ብታገኙት አትደንግጡ።