ለድሬዳዋ ቤት የሚስማማ የጥበቃ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

የቤት ጥበቃ መሣሪያ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታይዋን ገበያ ይገባና «ባለ አራት ካሜራው ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ሻጩ ካርቶኑን አውርዶ በስልኩ ላይ ጥርት ያለ ምስል ያሳየዋል፤ ይከራከራሉ፤ በማግስቱ ገጣሚ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም መሣሪያው የሚሠራው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ግንቦት ላይ በሚግል ቆርቆሮ ሥር፣ መብራት በሄደበት ሌሊት፣ መስኮቱ ለነፋስ ተከፍቶ በሚታደርበት ቤት ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ቤትዎን ያጥኑ።

መጀመሪያ ግቢውን ይዙሩ

ሁለት ጊዜ ይዙሩ፤ አንዴ ከመሸ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ከምሳ በኋላ። ስለ ስርቆት ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ሌሊቱን ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ቤተሰቡም ወይ ጋደም ብሏል ወይ በርጫ ላይ ተቀምጧል። አጥር የሚዘልን ሰው አይቶ የሚጮህ አላፊ አግዳሚ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ወረቀት ይያዙና ከውጭ በኩል ጀምረው ግቢውን በግርድፉ ይሳሉ። የሮቶው ማማ አጥሩን ተጠግቶ ከቆመ፣ የኒም ዛፉ ቅርንጫፍ ወደ መንገድ ከተዘረጋ፣ የጎረቤት ጅምር ሕንፃ ከእርስዎ ጣሪያ ጋር ከተካከለ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የትኛው መስኮት ክፍት እንደሚያድር፣ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛ ሰው መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። ግማሹን ምርጫ የሚወስነው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። «ሁሉንም ዘግታችሁ ደወሉን አብሩ» የሚል መሣሪያ ሰኔ ላይ ብዙ ሌሊት አይዘልቅም፤ ከቤተሰቡ አንዱ በሙቀቱ ተማርሮ ያጠፋዋል።

በወረቀቱ ግርጌ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ደወሉ ቢጮህ ማን ይደርሳል? መልሱ ዘበኛ፣ ጎረቤት ወይም የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። መልስ ከሌለ ገንዘቡን በሙሉ ደወል ላይ ማፍሰስ ትርፉ ጩኸት ነው።

ከኤሌክትሪክ በፊት ብረት

ካሜራ ሌባን ያሳያል፤ አያስቆምም። የሚያዘገየው ብረት ነው። ክፍት በሚያድረው መስኮት ላይ ያለውን ፍርግርግ በእጅዎ ይዘው ይነቅንቁት፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ካልሆነና በብሎን ብቻ ከተያዘ መጀመሪያ እሱ ይበየድ። የግቢው በር ማጠፊያ ከውጭ በኩል የሚታይ ከሆነ ፒኑ ተመትቶ እንዳይወጣ ጫፉን ያስበይዱት። ቀጭን ማንጠልጠያ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ጓጉንቸር ለሚያየው ብቻ ነው የሚያስፈራው፤ የሚቆረጠው ማንጠልጠያው ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ የሶላር አምፖል ደግሞ ከሁሉም ርካሹና መብራት መጣ ሄደ የማይለው መሣሪያ ነው። ፓነሉን አልፎ አልፎ ከአቧራ መወልወል ብቻ ይፈልጋል።

ደወሉን ሙቀት እንዳያሳስተው

በገበያው የሚገኘው የተለመደ የእንቅስቃሴ መለያ የሚሠራው በሙቀት ነው። የሰው ገላ ከጀርባው ካለው ግድግዳ የተለየ ሙቀት ስላለው መሣሪያው ያንን ልዩነት ሲንቀሳቀስ ያያል። ቀዝቃዛ ከተማ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግድግዳውና የሰው ቆዳ ሊቀራረቡ ምንም አይቀራቸውም፤ መሣሪያውም ይደክማል። በተቃራኒው በመስኮት የገባ የጋለ ነፋስ መጋረጃውን ሲያወዛውዝ ያለ ምክንያት ሊያስጮኸው ይችላል። ካርቶኑ ላይ ይህን የሚነግርዎት የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሙቀትንና ማይክሮዌቭን አጣምሮ የሚሠራውን ዓይነት መግዛት ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለሳሎንና ለኮሪደር ግን ይገባዋል። ሁለተኛው፣ በርና መስኮት ላይ በሚለጠፈው ባለ ማግኔት መለያ ይበልጥ መተማመን ነው፤ እሱ የሚያውቀው መከፈትና መዘጋትን ብቻ ስለሆነ ሙቀት አያሳስተውም። ለአየር ገርበብ ብሎ ለሚያድር ተንሸራታች መስኮት ማግኔቱን በተገረበበበት ልክ ያስለጥፉት፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ይጮሃል። የእንቅስቃሴ መለያውን ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ወደ እሱ ከሚመጣበት ይልቅ ከፊቱ አቋርጦ በሚያልፍበት ጥግ ይስቀሉት፤ አቋራጭን ቶሎ ይለያል።

ዋናውን የደወል ሳጥን ሲመርጡ ሲም ካርድ የሚቀበለውን ይውሰዱ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በስልክ ጥሪና በአጭር መልእክት ይደርስዎታል። ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ ሁለት ኩባንያ አማራጭ አለዎት፤ ሳጥኑ በሚቀመጥበት ክፍል የማንኛው ሲግናል እንደሚሻል በስልክዎ አይተው ይወስኑ። ሂሳቡ ባዶ የሆነ ሲም ግን ደውሎ አይጠራዎትም። ክፍሎችን ለይቶ ማብራት መቻሉንም ይጠይቁ፤ በረንዳ ላይ የተኛ ሰው ውኃ ሊጠጣ በተነሣ ቁጥር ሰፈሩ መንቃት የለበትም።

ካሜራ፦ ብዛቱን ሳይሆን ርቀቱን ይለኩ

ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉ ወርዱ 1920 ነጥብ (ፒክስል) ነው። የማያውቁትን ሰው ፊት ለመለየት በአንድ ሜትር ወርድ ላይ 250 ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ካሜራው ፊት መለየት የሚችለው ምስሉ ከ8 ሜትር ያነሰ ወርድ በሚሸፍንበት ርቀት ድረስ ነው። በጣም በተለመደው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ይህ ከ3 ሜትር ብዙም አይዘልም። ከዚያ ወዲያ «አንድ ሰው ገባ» ከማለት በቀር ማን እንደሆነ አይነግርዎትም። ስለዚህ አንዱን ካሜራ ሰው ሁሉ ግድ በሚያልፍበት በር አጠገብ ያድርጉት፤ ረዥም ግቢ ለማየት 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይምረጡ።

ከፍታው ሌላው ነገር ነው። ገጣሚ «እንዳይሰረቅ» እያለ አራት ሜትር ላይ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ የሚታየው የኮፍያ አናት ነው። ለበር ካሜራ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ይበቃል። ፊቱን በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አያዙሩት፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ምስሉን ያነጣዋል። ማምለጫ ከሌለ «ደብልዩ ዲ አር» የተባለው ብርሃን የማመጣጠን ችሎታ ያለውን ይግዙ። አቧራና ዝናብ እንዳይገባው «አይ ፒ 66» ወይም «አይ ፒ 67» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ መመሪያው ላይ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሠራም ያንብቡ። ቆርቆሮውን ተጠግቶ የተሰቀለ ካሜራ ከጥላው አየር እጅግ የጋለ ቦታ ላይ ነው፤ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ጥላ መሥራት ዕድሜውን ያራዝማል። ማታ ምስሉ በድንገት ጉም የለበሰ ከመሰለ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው መስታወቱ ላይ ያረፈ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ነው፤ የካሜራውን የራሱን የሌሊት ብርሃን መልሶ ያንጸባርቅበታል።

በገመድ ወይስ ያለ ገመድ? ከዚራ ሰፈር ባሉት አሮጌ ወፍራም የድንጋይ ቤቶች ዋይፋይ ሁለት ግድግዳ ማለፍ ይቸግረዋል፤ እዚያ ገመድ ይሻላል። ኤሌክትሪክና ምስል በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚሄድበት ዓይነት ከመቅጃው፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል ከሚያስቀምጠው ሳጥን፣ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ገመዱ ሙሉ መዳብ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የሚያልፈውም በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ላለ ቤት የሚያነብብ ካለ፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሰፈር ስለሆነ ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። ኪራይ ቤት ላለ ሰው ደግሞ ነቅሎ የሚሄድበት የዋይፋይ ካሜራ ይበቃዋል። ሚሞሪ ካርዱን ግን ከታመነ ሱቅ ይግዙ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ ካርድ ሞልቷል።

መቅጃው የት ይቀመጥ

ቴሌቪዥኑ ሥር አይሁን፤ ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ምስክሩንም ይዞ ይሄዳል። የተቆለፈና አየር የሚያገኝ የግድግዳ ሳጥን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ስለማይረሱት ከወለል ከፍ ማድረጉን ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ሃርድ ዲስኩን በስሌት ይግዙ። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ «ኤች 265» በሚባለው መጭመቂያ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 22 ጊጋባይት ያህል ይፈጃል። አራት ካሜራ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 1 ቴራባይት 11 ቀን፣ 2 ቴራባይት ሦስት ሳምንት ያህል ያቆያል። ገጣሚው ሲሄድ የመቅጃውን ሰዓት ይመልከቱ። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርቡ የስድስት ሰዓት ልዩነት ግራ እንዳያጋባ ቤተሰቡ ይወቀው።

መብራት ሲሄድ

አራት ካሜራ እያንዳንዱ 5 ዋት፣ መቅጃውና የዋይፋይ ሳጥኑ ሲጨመሩ ጠቅላላው 45 ዋት አካባቢ ይመጣል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚለውጠው መቀየሪያ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 11 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። ለሶላር የተሠራውን ይግዙ። የአሲድ ባትሪ ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ባትሪውን በጣም ቀዝቃዛው ክፍል ወለል አጠገብ፣ ጎርፍ በሚያሰጋበት ሰፈር ደግሞ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። ይህን ያህል ማውጣት የማይችል ሰው ቢያንስ የደወሉ ሳጥን የራሱ ባትሪ ያለው ይሁን።

የኤሌክትሪክ አጥር ከፈለጉ በቅጽበት ምት የሚሠራውን ዓይነት በባለሙያ ያስገጥሙ። የቤት መብራት በቀጥታ ሽቦ ላይ መልቀቅ ሰው መግደል ነው፤ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት። የእኛ ደረቅ አሸዋማ መሬት ለምድር ሽቦ አይመችም፤ አንድ ዘንግ ብቻ ተተክሎ ከተተወ ሽቦው የሚነካውን ሰው ማስደንገጥ ሊያቅተው ይችላል። ሁለት ሦስት ዘንግ በጥልቀት ይተከል፤ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍም ይሰቀል።

የይለፍ ቃልና የሌላ ሰው ገመና

በፈረንጆቹ 2016 «ሚራይ» የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የጠለፈው ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ በተዉ ሰዎች ምክንያት ነበር። ቃሉን ገጣሚው ፊት ሳይሆን ከሄደ በኋላ ራስዎ ይቀይሩ።

ካሜራው የጎረቤት ግቢ ወይም መስኮት ከያዘ ያንን ክፍል በመሣሪያው ማስተካከያ በጥቁር ይሸፍኑት። የቤት ሠራተኛ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይግጠሙ፤ ሌላ ቦታ ያሉትንም ይንገሯት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፤ እሷም ሰው ናት።

ክፍያውን ሳይጨርሱ

ቀሪውን ገንዘብ በኪስዎ ይዘው ገጣሚውን ይፈትኑት። ቆጣሪውን ያጥፉና ሁሉም መሥራቱን ይዩ። ዋይፋዩን ነቅለው በሩን ይክፈቱ፤ ስልክዎ ይጮህ። ከመሸ በኋላ ልጅዎ ኮፍያ አድርጎ ከበሩ ይግባ፤ ፊቱ በቅጂው ላይ ይታወቃል? የተቀዳውንም በፍላሽ ማውጣት ያሳይዎት፤ መቅዳት የሚችል፣ ማውጣት ግን የማይችል ባለቤት ብዙ ነው። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁንና ሲበላሽ ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ቀን እንደሚመጣ ይጻፍበት። ይህ ሁሉ ከተሟላ ይክፈሉት።