12 የሞላቸው ልጆች ይዞ በአንድ ሰመር አዲስ አበባን፣ ሮምንና ጀርመንን ማየት፦ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል

ሰመር ሲቃረብ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ወላጆች ወሬያችን ተመሳሳይ ነው፣ ዘንድሮ ልጆቹን አገር ቤት እንውሰዳቸው፣ በዛው አውሮፓንም እናሳያቸው እንላለን። በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው፣ በተለይ ልጆቹ ከ12 እስከ 14 ከሆኑ አታዘግዩት ባይ ነኝ። ያዩትን የሚያስታውሱበት፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው የሚጎትቱበት፣ ግን ገና ከናንተ ጋር መሄድ የሚወዱበት እድሜ ነው። 16፣ 17 ሲሆኑ የሰመር ስራው፣ ካምፑ፣ ጓደኛው ይመጣና ሁሉም የሚመቸው ቀን ማግኘት ራሱ ከባድ ይሆናል።

ብዙ ሰው ግን እቅዱን ከትኬት ነው የሚጀምረው። ረከስ ያለ ትኬት ሲያይ ቶሎ ይገዛና ቪዛውን፣ ሻንጣውን፣ ዘመድ ጥየቃውን በኋላ ላስተካክል ይላል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ፓስፖርት፣ ከዛ የአገሮቹ ቅደም ተከተል፣ ከዛ ትኬት ነው። ሆቴልና ሙዚየም ከነዚህ በኋላ ቢመጣ ይደርሳል።

1. ፓስፖርቶቹን ሁሉ አውጡ

ማብቂያ ቀናቸውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ኢትዮጵያ ለመግባት ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ሊቀረው ይገባል፣ ሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ደግሞ ከዛ ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር ይፈልጋሉ። ልጁ 16 ሳይሞላው የወጣ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፣ የኛ 10 ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰው የልጆቹን ይረሳዋል። በፖስታ ልኮ ማሳደስም አይቻልም፣ ልጁን ይዘው ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፣ አንዱ መምጣት ካልቻለ ዲኤስ 3053 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ኖተራይዝ አስደርጎ ይሰጣል። ለኢትዮጵያ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላቸው ጥሩ፣ ከሌላቸው ኢ-ቪዛ በኦንላይን መሙላት ነው፣ ቀላል ነው።

ከባዱ ነገር ያለው በቤቱ ውስጥ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካለ ነው። ባልና ልጆች የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው እናት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘችበት ቤት ብዙ ነው። ግሪን ካርድ አውሮፓ አያስገባም፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፣ የመጨረሻው ደግሞ 15 ቀን ሲቀር ነው፣ የምታመለክተውም ብዙ ቀን የምትቆይበት አገር ዘንድ ነው፣ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገባበት አገር ዘንድ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ገንዘቡ አይደለም ችግሩ፣ ቀጠሮው ነው። ለሰመር ጉዞ በሜይ ቀጠሮ የሚፈልግ ሰው ክፍት ቀን ላያገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ከገና በኋላ ጀምራችሁ ፈልጉ።

ሌላው ሲንግል ኢንትሪ የሚባለው ነገር ነው፣ አንዴ ከሼንገን ከወጡ ቪዛው አለቀ ማለት ነው። አንዲት የማውቃት እናት ፓሪስ፣ ከዛ ለንደን፣ ከዛ አምስተርዳም ብላ አቅዳ ነበር። ለንደን ሼንገን ውስጥ የለችም፣ የራሷ ቪዛ አላት፣ ከለንደን ሲመለሱ ደግሞ የመጀመሪያው ቪዛ አያስገባም። ሆቴሉ ከተከፈለ በኋላ ነው ይሄን ያወቀችው፣ መጨረሻ ላይ ለንደንን ሰረዙት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁም ብትሆኑ እንግሊዝ ለመግባት አሁን ኢቲኤ የሚባል ፈቃድ ከመሳፈራችሁ በፊት በኦንላይን ማውጣት አለባችሁ፣ ለልጆቹም ለየብቻ።

2. የእናት ስምና የልጅ ስም

ይሄ የኛ ሰው ጉዳይ ነው፣ ፈረንጆቹ የሚጽፉት ምክር ላይ አታገኙትም። ልጁ የሚጠራው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ነው፣ እናት ደግሞ በራሷ አባት ስም፣ ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ እናትና ልጅ አንድም የሚመሳሰል ስም የላቸውም። አባት ስራ ይዞት እናት ብቻዋን ልጆቹን ይዛ ስትሄድ፣ ወይ አባት ከሳምንት በኋላ ሲቀላቀላቸው፣ ቦርደር ላይ ያለው ሰው ልጆቹ የማን ናቸው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ መጠየቁም ስራው ነው።

ሁለት ወረቀት ያዙ፣ የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ የሁለቱም ወላጅ ስም ያለበትን፣ እና የማይሄደው ወላጅ ፈርሞ ኖተራይዝ ያስደረገውን የፈቃድ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ የልጆቹ ሙሉ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የምትሄዱባቸው አገሮችና ቀኖቹ፣ የፈራሚው ስልክ ይግባ። ልጁ ራሱም አውሮፕላን ላይ እያላችሁ ይነገረው፣ ሲጠየቅ ደንግጦ ዝም እንዳይል፣ "እናቴ ናት፣ አያቴን ጠይቀን ነው፣ አባዬ ሮም ይመጣል" ብሎ በራሱ አፍ ይመልስ።

3. አገሮቹን በየትኛው ቅደም ተከተል? አዲስ አበባ መጀመሪያ

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት። አብዛኛው ሰው አውሮፓን ሲሄድ ወይ ግማሹን ሲሄድ ግማሹን ሲመለስ ማየት ይፈልጋል። እኔ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ፣ ከዛ አውሮፓ በአንድ ላይ፣ ከዛ ቤት ነው የምለው።

አንደኛው ምክንያት ሻንጣ ነው። አገር ቤት ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም፣ የአክስት ጫማ፣ የአጎት መድኃኒት፣ የልጆች ልብስ፣ ቫይታሚን ምናምን፣ አራት ሰው ከሆናችሁ ስምንት ሻንጣ ማለት ነው። ያን ሁሉ ይዛችሁ ሮም ውስጥ ሊፍት የሌለው ሶስተኛ ፎቅ ላይ ስትወጡ አስቡት። አዲስ አበባ መጀመሪያ ከሆነ እዛው ይራገፋል። እኔ ስጦታውን የማደርገው ያረጁ ሻንጣዎች ውስጥ ነው፣ ሻንጣውም እዛው ይቀራል፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሉት። ከዛ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቦርሳ ጀርባው ላይ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ፣ ለቤተሰቡ ደግሞ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ስትወጡ የሚሰጣችሁን ነገር ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ህብረት አይገባም፣ ከውጭ በመንገደኛ የሚመጣ የስጋና የወተት ውጤት ይከለከላል፣ ይወሰዳል። እማማ ለሳምንት ያነጠሩት ቅቤ ሮም ኤርፖርት ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉና "ቅቤው ይቅርብን፣ በርበሬና ሽሮ ብቻ" በሉ፣ በደንብ ይታሸግላችሁ።

ሁለተኛው ቪዛ ነው፣ አውሮፓ በአንድ ላይ ከሆነ አንድ መግቢያ ይበቃል። ሶስተኛው አየር ነው፣ ዝናቡ የሚበረታው ጁላይና ኦገስት ላይ ስለሆነ በጁን አጋማሽ ትምህርት እንደተዘጋ ብትሄዱ ከፊሉን ታመልጣላችሁ። ያም ሆኖ ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ፣ ሰመር ነው ብለው ቁምጣ ብቻ የያዙ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ይበርዳቸዋል።

አራተኛው ምክንያት ለኔ ትልቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያየ ልጅ ሮምን በሌላ ዓይን ነው የሚያያት። ሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣልያን ወታደሮች የተሰየመ ነው። በየቀኑ ስንቱ ቱሪስት ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። ልጆቹን እዛ አቁሟቸውና ንገሯቸው።

4. ትኬት

ማልቲ ሲቲ በሚለው ፈልጉ፦ ከደለስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሮም፣ ከፍራንክፈርት ደለስ። ከሮም ጀርመን ያለውን በባቡር ትሄዳላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ሉፍታንዛና ዩናይትድ ሶስቱም ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ ስለሆኑ በአንድ ትኬት ማጣመር ይቻላል፣ አንድ መንገድ ለየብቻ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ አንዱ ቢሰረዝም ሌላውን የሚያስተካክልላችሁ አካል አለ። ስም ስትጽፉ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል በትክክል።

እዚህ ላይ 12 ዓመት የምትባለዋን ቁጥር እወቋት። አውሮፕላን ላይ ልጅ የሚባለው እስከ 11 ነው፣ 12 ከሞላ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሼንገን ድንበር ላይ ኢኢኤስ የሚባል አሰራር ስላለ ከ12 ጀምሮ የጣት አሻራም ይሰጣሉ። ሆቴሎችም ብዙዎቹ እንደ አዋቂ ነው የሚቆጥሯቸው፣ ስለዚህ ስትይዙ ትክክለኛ እድሜያቸውን ጻፉ፣ አልጋው ሳይበቃ ማታ ላይ ሪሴፕሽን ጋ መጨቃጨቅ አይመጣም። በሌላ በኩል የጣልያን መንግስት ሙዚየሞች እስከ 18 ዓመት ነጻ ናቸው። ጀርመን ደግሞ ባቡሩ ከ6 እስከ 14 ላሉ ልጆች ከወላጅ ጋር ከሆኑ ነጻ ነው፣ ትኬቱ ሲገዛ ግን ልጆቹ መመዝገብ አለባቸው። 15 ሳይሞላቸው ሂዱ የምለው ለዚህም ነው።

5. ሮም

ቢያንስ አራት ሌሊት። ኮሎሲየም ትኬቱ 30 ቀን ሲቀር ነው የሚከፈተው፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። የልጆቹ ነጻ ቢሆንም ትኬት መያዝ አለበት፣ ስም ስለሚጻፍበት መግቢያው ላይ ፓስፖርት ያዩበታል። ሌላውን ሙዚየም ቀንሱ፣ ጁላይ ላይ ሮም በጣም ትሞቃለች፣ ከቀትር በኋላ እረፍት አድርጉ። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ውሃው ቀዝቃዛና የሚጠጣ ነው፣ ለየልጁ አንድ ኮዳ ግዙ፣ በቃ። የሰኔ ጾም ላይ ከሆናችሁ ወይም ረቡዕና አርብ ከሆነ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፣ ቺዝ የለውም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና ዘይት ነው።

አንድ ምሽት ግን ለዚህ ይሰጥ። በ1960 አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን ማራቶኑን የጨረሰው ኮሎሲየም አጠገብ ባለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ነው፣ ሩጫው ያለቀውም ማታ ነበር። ከቅስቱ ተነስታችሁ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ብትወርዱ ከአስር ደቂቃ ባልበለጠ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዛ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ትልቁ የፋኦ (የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንጻ ያኔ ለጣልያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አበበ በዛ ምሽት ሐውልቱን አልፎ ወደ ቅስቱ ነው የሮጠው፣ ስለዚህ መልሳችሁ ስትመጡ የመጨረሻዋን መንገዱን ነው የምትሄዱት። የኔ ልጆች እዛ መንገድ ላይ ሳንጠይቃቸው ጫማቸውን አውልቀው ሮጡ፣ ድንጋዩ ገና ሙቀት ነበረው።

6. ከሮም ጀርመን

ናይትጄት የሚባለው የኦስትሪያ የማታ ባቡር ከሮም ሙኒክ አለ። ለአራት ሰው አንድ ክፍል ሙሉውን ያዙ፣ ለብቻችሁ ትተኛላችሁ፣ የአንድ ሌሊት ሆቴልም ይቀርላችኋል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ርካሽ አየር መንገድ ስታወዳድሩ ኤርፖርቱ የት እንዳለ በካርታ እዩ፣ ፍራንክፈርት ሀን የሚባለው ኤርፖርት ከፍራንክፈርት ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ሙኒክ ላይ ቀኑን ለልጆቹ ስጡ። ለያንዳንዱ አንድ ቀን፣ የተወሰነ ብር፣ ባቡሩንም ምግቡንም ሰዓቱንም እሱ ይወስን፣ እናንተ ተከተሉ። መኪና ለሚወድ ልጅ ቢኤምደብልዩ ቬልት መግቢያው ነጻ ነው። ሲሳሳት ቶሎ አትግቡበት፣ የተሳሳተ ባቡር ከያዘ አንድ ፌርማታ ሄዶ ራሱ ካርታ አይቶ ይመለስ።

ባቡር ላይ ስለመለያየት ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። በሩ ተዘግቶ ልጁ ባቡሩ ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ እዛው ቆሞ ይጠብቅ፣ እናንተ ትመጣላችሁ። እናንተ ገብታችሁ እሱ ውጭ ከቀረ ባለበት አይንቀሳቀስ። የሚያውቁት የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 112 ይሁን፣ ሁሉም የአውሮፓ ህብረት አገር ይሰራል። የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አድርጉ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይሰረቃልም፣ በተለይ ሮም ውስጥ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ስልክ በእጅ አይያዝ።

ፍራንክፈርት ላይ ዘመድ ካላችሁ የመጨረሻዎቹን ቀናት እዛ አድርጉ፣ እንጀራም ታገኛላችሁ፣ ልብስም ታጥባላችሁ። የመመለሻውን ቀን ጁላይ መጨረሻ ላይ ያዙት፣ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በኦገስት አጋማሽ ይከፈታሉ፣ ልጆቹም እንቅልፋቸው ለመስተካከል ሳምንት ያህል ያስፈልጋቸዋል።