በባሌ ተራሮች ፈረስ እየመሩ እንግዳ ሲያስጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዲንሾ ተነስቶ በእግሩ ወደ ወብ ሸለቆ ወይም ወደ ሳነቴ አምባ የሚያቀና እንግዳ ብዙውን ጊዜ ጓዙን የሚያስጭነው በፈረስ ነው። ሥራው ገመድ መጎተት ብቻ የሚመስለው ጀማሪ ፈረሱንም አውሬውንም ይጎዳል።

ኮርቻን አንዴ አጥብቆ መርሳት። ፈረስ ሲጫን ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ጥቂት ሲራመድ ትንፋሹ ይወጣል፣ ከኮርቻው ሥር ያለው ምንጣፍም ይተኛል፤ ማሰሪያው ይላላል። ያን ጊዜ ኮርቻው በዳገት ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ ጋማው ሥር ይንሸራተታል፤ ገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከተነሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ቆም ብለው እንደገና ያጥብቁ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። ከመጫንዎ በፊት ደግሞ መዳፍዎን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ፣ ጀርባው ዝቅ ካለ ወይም ጆሮው ወደ ኋላ ከተጣበቀ ቁስል ባይታይም ያ ቦታ አሞታል፤ ያን ቀን ይረፍ። ማታ ኮርቻውን ሲያወርዱ ላቡን ይዩት። በረጠበው ጠጉር መሃል ደረቅ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ አብዝቶ ተጭኖታል ማለት ነው። ፈረስ ሲገዙም በጀርባው ላይ የበቀለውን ነጭ ጠጉር ይፈልጉ፤ የቆየ ገጣባ ምልክት ነው።

ሸክሙን በዓይን መገመት። ኮርቻውን ጨምሮ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባድ ሰው በትልቁ ፈረስ ይቀመጥ፣ ዳገቱ ሲጠና ይውረድ። እንግዳውን ውረድ ማለት ነውር አይደለም። ጓዙንም ግራና ቀኝ እኩል መዝነው ይጫኑ።

ለጉልበት ብሎ ገብስ ማብዛት። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ማስታወክም አይችልም። በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ የበለጠ ገብስ አይስጡ፤ ዋናው መኖ ሣርና ድርቆሽ ነው። ቆሞ የሚንፈራገጥ፣ ሆዱን ዞሮ ዞሮ የሚያይ ወይም የሚንከባለል ፈረስ ቁርጠት ይዞታል፤ መኖውን አንስተው ሐኪም ይጥሩ።

ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብም ጥርስና አጥንት ያስከፍላል፤ ፈረስ ልክ ከጭራው ጀርባ ያለውን አያይም።

ወደ ቀይ ቀበሮ በቀጥታ መሄድ። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል ሲያድን ተሸሽጎ፣ ደረቱን ከመሬት አጣብቆ ነው። ቀጥ ብለው ከመጡበት አደኑ ይበላሻል። ሰያፍ ይሂዱ፤ ቀና ብሎ ካያችሁ ሁሉም ባለበት ይቁም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ፈረሱ ስለሆነ ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲተከሉ እርስዎም ወደዚያ ይመልከቱ።

ውሻ ማስከተል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ የሸለቆውን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ በሽታው የሚመጣውም ከመንደር ውሾች ነው። ቀይ ቀበሮ በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ የሚባለው እንግዴ ልጅ ፍለጋ ልትወልድ የተቃረበች ባዝራን ስለሚከተል ነው፤ ከመንጋችን ይህን ያህል ቅርብ ነው። የተከተለዎትን ውሻ ከመንደሩ ሳይርቁ ይመልሱ፣ የምግብ ትርፍ ባደሩበት ሰፈር ላይ አይጣሉ። የሚንገዳገድ ወይም የሞተ ቀበሮ ካዩ አይንኩት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ይዘው ለፓርኩ ጠባቂዎች በዚያው ቀን ይንገሩ።