ለፓይክ ክር ስትመርጡ

ፓይክ የሚባለውን ሹል ጥርስ ያለው አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ ስትነሱ መጀመሪያ ጥርሱን አስቡ። የተጎነጎነ ክር ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ያ ጥርስ ካገኘው አበቃ፤ ዓሣው መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ከዋናው ክር ጫፍ ሊደር፣ ማለትም ጥርስ በቀላሉ የማይቆርጠው አጭር ማያያዣ፣ የሚታሰረው።

እኔ ሽቦ ነው የምወደው። ከ30 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። በሞተ ዓሣ ለሚያጠምድ 50 ይሻላል፣ ፓይኩ እስከ ጉሮሮው ሊውጠው ይችላላ! ቲታኒየም ውድ ነው፣ ግን ቶሎ አይጣመምም። የብረት ሽቦ አንዴ ከተጣመመ አትሟገቱት፣ ቀይሩት። ፍሎሮካርቦን (ጠንካራ የፕላስቲክ ክር) የሚመርጡም አሉ፤ ውፍረቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ጥፍራችሁን ከላይ እስከ ታች አስኪዱበት። ጥፍር ከያዘ ተጭሯል ማለት ነው፤ ቆርጣችሁ ጣሉት (ውሃው ውስጥ አይደለም፣ አደራ)።

ዋናው ክር ብዙ አያስጨንቅም፦ የተጎነጎነ፣ 15 ኪሎ ግድም የሚችል። “ስስ ክር ሩቅ ይወረወራል” ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ ከባድ ማጥመጃ በኃይል ሲወረወር ይበጥሰዋል። የተጎነጎነ ክር መጠቅለያው ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን ጠቅልሉ። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት።