ቦርዱ ከፍላሽ አልነሳ ሲል፦ ቺፑን ከመንቀልዎ በፊት

ጅማ ውስጥ የማይነሳ ቦርድ ጥገና ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ «ፍላሹ»፣ ማለትም የቦርዱ ፕሮግራም የሚቀመጥበት ቺፕ፣ «ተቃጥሏል» የሚል ነው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ስለሚመጣ ይህ ፍርድ ኪስ ይጎዳል። የስህተት ማረሚያ ኮዱ «ማረም አልቻልኩም» ማለቱ ግን የቺፑን ሞት አያረጋግጥም። ናንድ የሚባለው የፍላሽ ዓይነት አልፎ አልፎ ቢት መሳቱ ተፈጥሮው ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ገጽ (በአንዴ የሚጻፈው ክፍል) የማረሚያው ኮድ የሚቀመጥበት ትርፍ ቦታ አለው። መረጃውን የጻፈውና የሚያነበው ፕሮግራም ይህን ቦታ በተለያየ ደንብ ከተጠቀሙበት ደህናው ቺፕ የተበላሸ ይመስላል።

ራውተርም ሆነ የሶላር መቆጣጠሪያ ወይም የቡና መጋዘን እርጥበት መመዝገቢያ፣ አጀማመሩ አንድ ነው። የቦርዱን ሲሪያል መስመር ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙ። አብዛኞቹ ቦርዶች 115200 ቢት በሰከንድ ፍጥነት ይጠቀማሉ። ማገናኛው የ3.3 ቮልት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በ5 ቮልት ፕሮሰሰሩን የገደለ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ፍላሽ ባይጨነቅም ይችላል። ከዚያ ቦርዱን ደጋግመው ያስነሱና ስህተቱ የሚታይበትን አድራሻ ይመዝግቡ።

ምልክት፦ የስህተቱ አድራሻ በየጊዜው ይቀያየራል

መጀመሪያ ኃይሉን ይጠርጥሩ። የተሳተ ቢት ቦታ አይቀይርም፤ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ግን ንባቡን በየቦታው ያበላሻል። በክረምት መብራት እየሄደ ሲመጣ የአዳፕተሮች ካፓሲተር ይደክማል። የ3.3 ቮልት ናንድ ቺፕ ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ይፈቅዳል፤ ሆኖም ቴስተር ለአፍታ የሚወርደውን ቮልቴጅ አያሳይም። ደህና መሆኑ በሚታወቅ አዳፕተር መሞከር ከመለካት ይቀድማል።

ምልክት፦ ዩ-ቡት ይነሳል፣ ከርነሉ ግን የተጻፈውን ገጽ ሁሉ «ሊታረም አይችልም» ይላል

ዩ-ቡት ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው፤ ከርነሉ ደግሞ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ብዙ ቺፕ ያለ ጥፋቱ የሚነቀለው እዚህ ላይ ነው። 2048 ባይት ገጽ ያለውን የተለመደ ቺፕ እንውሰድ፤ ትርፍ ቦታው 64 ባይት ነው። ቀላሉ የሃሚንግ ኮድ በየ256 ባይቱ አንድ ቢት ያርማል፣ 3 ባይት ይበቃዋል። ቢሲኤች8 የሚባለው በየ512 ባይቱ እስከ 8 ቢት ያርማል፣ 13 ባይት ይወስዳል፤ ለአንድ ገጽ 52 ባይት ማለት ነው። ኤኤም335ኤክስ የሚባለው ፕሮሰሰር ሮም (ከሁሉ በፊት የሚሠራው ቋሚ ፕሮግራም) ደግሞ በየክፍሉ አንድ ባይት ስለሚጨምር 56 ይሆናል። አንዱ በሃሚንግ የጻፈውን ሌላው በቢሲኤች8 ካነበበው አንድም ቢት ሳይሳት ገጹ ሁሉ ይወድቃል። የቺፕ እርጅና እንዲህ ሁሉን በእኩል አይመታም።

መፍትሄው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። ሮሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የታተመ ስለሆነ አይለወጥም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የማስነሻ ፕሮግራም የግድ በእሱ ደንብ ይጻፍ። ለዩ-ቡትና ለከርነሉ አንድ ዓይነት ኮድና አንድ ዓይነት የባይት አቀማመጥ ይምረጡ፤ የከርነሉ ምርጫ የቦርዱን ክፍሎች በሚገልጽለት በዲቫይስ ትሪው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በአዲሱ ደንብ አጥፍተው እንደገና ይጻፉ። ሲያጥፉ «ስክረብ» የሚባለውን የዩ-ቡት ትእዛዝ አይንኩ። ፋብሪካው በብልሹ ብሎኮች (ብሎክ ማለት አብረው የሚጠፉ ገጾች ስብስብ ነው) ላይ ያኖረውን ምልክት ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ያ ምልክት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ምልክት፦ ምንም ጽሑፍ የለም፣ ወይም የላቲኑ «ሲ» ፊደል ብቻ ይደጋገማል

በኤኤም335ኤክስ ላይ የ«ሲ» መደጋገም ሮሙ የሚያስነሳው አጥቶ በሲሪያል መስመር ፋይል እየጠበቀ መሆኑን ያሳያል። ይህ ሮም የመጀመሪያዎቹን አራት ብሎኮች በተራ ይሞክራል፤ በርካታ ቦርዶች ላይ ግን የተጻፈው የማስነሻው ፕሮግራም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። በፀሐይ በሚግል ጣሪያ ላይ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ዓመታት የቆየ ፍላሽ ቢቶቹን ቀስ በቀስ ይስታል። ዩቢአይ የሚባለው የከርነሉ የፍላሽ አስተዳዳሪ በእሱ ሥር ባለው ክፍል የተሳቱ ቢቶችን ሲያይ መረጃውን ወደ ሌላ ብሎክ ያዛውራል፤ የማስነሻው ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ውጭ ስለሚቀመጥ የሚያድሰው የለም። ቅጂውን በአራቱም ብሎኮች ላይ፣ በ128 ኪሎባይት (የተለመደው ቺፕ አንድ ብሎክ) ርቀት፣ እንደገና ይጻፉ።

ምልክት፦ መብራት ከጠፋ በኋላ ባዶ ገጽ ላይ ስህተት ይታያል

ማጥፋቱ መሀል ላይ ተቋርጧል፣ ወይም በባዶው ገጽ አንድ ሁለት ቢት ወደ ዜሮ ወርዷል። የቆዩ ከርነሎች ይህን እንደ ከባድ ጉዳት ያዩታል። አዳዲሶቹ ባዶ ገጽ ላይ ያለን ጥቂት ቢት ይታገሳሉ፤ ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያናግረው የከርነሉ ክፍል) ይህን የባዶ ገጽ ማጣሪያ መጥራቱን ግን ማየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ መጠኑና እግሮቹ አንድ የሆነ ቺፕ ተተክቶም አይነሳም

የመረጃ ሰነዱን የማረሚያ መስመር ያንብቡ። አዲሱ በ512 ባይት 4 ወይም 8 ቢት ሊጠይቅ ይችላል፤ የድሮ ሮም 1 ቢት ብቻ ከሆነ የሚያርመው ጋብቻው አይሆንም። አንዳንድ ቺፖች ደግሞ የራሳቸውን ማረሚያ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፣ የፕሮሰሰሩ ኮድ በሚያርፍበት ትርፍ ቦታ ላይም ይጽፋሉ። ምስሉን ከአሮጌው ቺፕ በፕሮግራመር የሚገለብጡ ከሆነ ትርፍ ቦታው አብሮ መነበቡንና ብልሹ ብሎክን የመዝለል ምርጫው መብራቱን ይፈትሹ። የሁለቱ ቺፖች ብልሹ ብሎኮች በአንድ ቦታ አይገኙም፤ ምርጫው ካልበራ የከርነሉ ቁራጭ መረጃ በማይይዝ ብሎክ ላይ ሊያርፍ ይችላል።