ፎቶዬ በየት በር ወጣ? ስቶክ ፎቶ ለሚሸጥ ሰው

ፎቶዬን ያወቅኩት በሲኒው ነው። ጠርዙ የተሸረፈ የእናቴ ሲኒ፣ ከጀርባው የጀበና እንፋሎት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ በር ላይ ከእኔ ቁመት በሚበልጥ ባነር ተሰቅሏል። ደሜ ፈላ። በስልኬ አነሳሁትና ታክሲ ውስጥ ሆኜ «ሌቦች» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ካፌውን በስድብ ሲያጥብ አመሸ። በማግስቱ ባለቤቱ ደወሉልኝ። ሳይጮሁ «ልጄ፣ ከፍለንበታል እኮ» አሉኝ፤ ባነሩን የሠራላቸው ዲዛይነር ፎቶዎቼን ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥልኝ ኤጀንሲ ሲገዛ ያገኘውን ደረሰኝም ላኩልኝ። ሂሳቤን ከፍቼ ሳይ እውነትም በዚያው ወር አንድ ሽያጭ አለ። ለእኔ የደረሰኝ 40 የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ፖስቱን አጠፋሁ፣ ይቅርታ ጻፍኩ፣ በአካልም ሄድኩ። ቡና ጋበዙኝ። እሱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

እናንተ እዚህ ውስጥ እንዳትገቡ አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

1. በሮቹን ለዩ

የስቶክ ፎቶ፣ ማለትም የፈለገ ሁሉ ከፍሎ እንዲጠቀምበት ኤጀንሲ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ፣ ጣጣው፣ ፎቶው በሕጋዊ መንገድም ቢሆን የማታውቁት ሰው እጅ ይገባል። ኤጀንሲው የገዢውን ስም አብዛኛውን ጊዜ አይነግራችሁም። አንዳንዱ ደግሞ ለሽርክና ድረ ገጾች ያሳልፈዋል፤ ተመዝግባችሁ በማታውቁበት ገጽ ላይ በስማችሁ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፎቶአችሁን የሆነ ቦታ ስታዩት ይሰረቅ ይሸጥ በዓይን አይለይም። አስቀድማችሁ ካልተዘጋጃችሁ በቀር።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። አንድ ነገር ሳነሳ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ እጫናለሁ፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ከእነሱ አንዱ ለኤጀንሲ ይሄዳል። ለፌስቡክ፣ ለቴሌግራምና ለኢንስታግራም የሚሄደው ግን ወንድሙ ነው፣ ከእሱ ቀድሞ ወይም ተከትሎ የተነሳው። እንፋሎቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የቀጂዋ ጣት ከጀበናው እጀታ ዝቅ ያለ። ሌላ ሰው ልዩነቱን አያየውም፤ እኔ ግን ሳየው በየት በር እንደወጣ አውቃለሁ። ባነር ላይ የተገኘው የፌስቡኩ ወንድም ከሆነ፣ እሱን ለማንም ስላልሸጥኩት ተሰርቋል፣ አለቀ። የኤጀንሲው ከሆነ አፌን ዘግቼ መጀመሪያ የሽያጭ መዝገቤን አያለሁ።

አንዳንዴ ሁለተኛ ፍሬም የለም። ጎንደር፣ በጥምቀት ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ የዘለለ ልጅ ለእናንተ ብሎ ተመልሶ አይዘልም። እንደዚያ ሲሆን ለኤጀንሲ የሚሄደውን ከቀኝ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚሄደውን ከግራ ቁረጡት። ያልተቆረጠውን ሙሉውን ክርክር ካልመጣ በቀር ለማንም አትስጡ፣ ለአክስታችሁ ልጅም ቢሆን። ክርክር ሲመጣ ከጠርዙ ውጭ ምን እንደነበረ ማሳየት የሚችለው ያነሳው ሰው ነው። ሮው ፋይሉንም፣ ካሜራው ያስቀመጠውን ያልተነካ ዋና ቅጂ፣ አታጥፉ።

ከዚያ አንድ ተራ ኤክሴል ክፈቱ፦ የፋይሉ ቁጥር፣ የት ሄደ፣ መቼ። በቀጥታ የገዛችሁ ሰው ካለም እዚያው። አሰልቺ ነው፣ እሁድ እሁድ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

2 እና 3. ማሳነስና መፈለግ

በዋተርማርክ፣ ማለትም ፎቶው ላይ በሚታተም የባለቤት ምልክት፣ ብዙም ተስፋ የለኝም። ጥግ ላይ የተጻፈ ስም በሁለት ሰከንድ ይቆረጣል። መሃል ላይ ያለውም ቢሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የጉግል ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ዋተርማርክ ያለባቸውን ብዙ ፎቶዎች ኮምፒውተር እያነጻጸረ ምልክቱን ማንሳት እንደሚችል አሳይተዋል። እኔ የማምነው መጠንን ነው። ረጅሙን ጎን 1200 ፒክስል አድርጉት፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ባነር ላይ ግን ይበጣጠሳል። ስማችሁን ሜታዳታው ውስጥ፣ ማለትም ከፎቶው ጋር በፋይሉ ውስጥ በሚቀመጠው ጽሑፍ ውስጥ፣ ጻፉ፤ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ ራሱ ይሠራዋል። ግን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ሜታዳታው ይራገፋል፣ እንደ ፋይል ስትልኩት ደግሞ ዋናውን በነፃ አስረከባችሁ ማለት ነው።

ፎቶአችሁ የት እንደወጣ ለመፈለግ ጉግል ሌንስ፣ ከዚያ ቲንአይ፤ ሁለቱም ፎቶውን ስትሰጧቸው ኢንተርኔት ላይ ያለበትን ይፈልጋሉ። ቲንአይ ካገኛቸው ውስጥ ቀድሞ የታየውን ከላይ እንዲያሰልፍ ማዘዝ ይቻላል። በወር አንዴ ይበቃል።

4. የሚያጠራጥር ገዢ

አንድ ጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ በኢንቦክስ መጣ፣ አምስት ፎቶ ዛሬውኑ እፈልጋለሁ አለ፣ ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። የባንክ ስክሪንሾት ላከልኝ፣ ስሜም የሂሳብ ቁጥሬም ልክ ነው። ፋይሎቹን ላክሁ። ጠዋት ሂሳቤን ሳይ የገባ ነገር የለም፣ ሰውየውም ብሎክ አድርጎኛል። ዋጋ የማይከራከር አበሻ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አሁን በራሴ ስልክ ሂሳቤ ላይ ሳላይ ምንም አልክም፤ የሚቸኩል ይቸኩል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የቼኩ ነገር አለ። ለ200 ዶላር ፎቶ አንዱ የ1,800 ዶላር ቼክ ይልክና «በስህተት ነው፣ ትርፉን መልሺልኝ» ይላል። ባንኩ ቼኩ ሳይጣራ ገንዘቡን ሊያሳያችሁ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሲመለስ ዕዳው የእናንተ ነው። «ፎቶሽን በኤንኤፍቲ በብዙ ሺህ ዶላር ልግዛ፣ መጀመሪያ እዚህ ገጽ ላይ ክፈይና መዝግቢው» የሚለውም ያው ነው (ኤንኤፍቲ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ የዲጂታል ባለቤትነት ምዝገባ ነው)፦ ለመሸጥ መጀመሪያ ክፈሉ የሚላችሁ ገዢ አይደለም። «የምፈልገው ናሙና እዚህ ውስጥ አለ» ብሎ ዚፕ ፋይል የሚልከውንም አትክፈቱለት።

ኤጀንሲ ላይም ቢሆን በአንድ ሌሊት ሠላሳ ፎቶ ሲሸጥላችሁ ጮቤ አትርገጡ። በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤጀንሲው ገንዘቡን መልሶ ከሂሳባችሁ ይቀንሳል፣ ፎቶዎቹ ግን ሄደዋል። የተሰረዙትን ሽያጮች ኤክሴላችሁ ላይ በቀይ ቀለም አስምሩ፤ ነገ የሆነ ቦታ ብቅ ቢሉ የኤጀንሲው ፍሬም ቢሆኑም ገዝቼ ነው የሚል ደረሰኙን ያሳይ።

5. በእርግጥ ተሰርቆ ከሆነ

ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪንሾት፣ ሊንክና ቀን ያዙ፤ መልእክታችሁን ካነበቡ በኋላ ያነሱታላ። ከዚያ ጨዋ መልእክት፣ ከዋጋው ጋር። አብዛኛው ሰው ጉግል ላይ ያገኘው ነገር ሁሉ ነፃ ይመስለዋል።

ዝም ካሉና ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት አሜሪካ ያለ ከሆነ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ዲኤምሲኤ በሚባለው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የማስነሻ ማመልከቻ ለዚያ ድርጅት ይላካል። የራሳችሁን ፎቶ፣ የተሰረቀበትን ሊንክ፣ አድራሻችሁንና ፊርማችሁን ይጠይቃል። አውቃችሁ ሐሰት ብትጽፉ ተጠያቂ ናችሁ፤ ስማችሁም ለዚያኛው ወገን ሊደርስ ይችላል። ፌስቡክና ኢንስታግራም የራሳቸው ቅጽ አላቸው። አገር ቤት ያለን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፣ ፎቶን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠብቃል። ፍርድ ቤት ሄጄ ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ አስጎብኚ ድርጅት ብሮሹር ላይ ያ ሲኒ እንደገና መጣ። እንፋሎቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ሁለቱን ወንድማማቾች ጎን ለጎን አድርጌ፣ ከጠርዙ ውጭ የእናቴ ነጠላ ጫፍ የሚታይበትን ሙሉውንም ጨምሬ፣ ከክፍያ መጠየቂያ ጋር ላክሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ከፈሉ። ሂሳቤ ላይ አይቼ አረጋገጥኩ።